ሁሩታ ወይን ልትቀምስ ስትነሳ

 

ሁሩታ ውስጥ ትልቁም ትንሹም ጉዳይ የሚወለደው ቡና ላይ ነው። ዕቁቡም፣ ጋብቻውም፣ የድንበር ጠቡም። ይኼ የማወራላችሁ ጉዳይ ደግሞ አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ ነው የተወለደው። ጥቅምት እያለቀ ነበር። ስንዴው ቢጫ ጥሏል፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኮምባይነር ኪራይ ነው። በዚህ መሀል የባንክ ቤቱ ልጅ ከች አለ። አዳማ ሠርግ ውሎ መመለሱ ነው፤ ክራቫቱን እንኳ አልፈታም።

«ትናንት አንድ ሰው አየሁ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ወይን ቀድተውለት አይጠጣም። ብርጭቆውን ያዞረዋል፣ አፍንጫውን ይከትበታል፣ ደግሞ ያዞረዋል። ምን ሆኖ ነው ብል ‹እየቀመሰ ነው› አሉኝ። ጠርሙሱን ባየው ‹ሪፍት ቫሊ› ይላል። ዝዋይ የተሠራ ነው። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን!»

እትዬ ሳቁ። እኚህን እትዬ ሁሩታ ያለ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ስማቸውን አልጠራም፣ አይወዱም። ጠጅ ሲጥሉ ኖረው አሁን እጃቸውን አሳርፈዋል። ምላሳቸው ግን አላረፈም፤ ለመቅመስም፣ ለመናገርም።

«መቅመስን አዲስ ነገር አደረጋችሁት?» አሉ። «በድሮ ግብር ቤት አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ፉት ሳይል ማን ጠጅ ይቀበል ነበር? እሱስ መርዝ ተፈርቶ ነው። ያንተ ሰውዬ ምን ፈርቶ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህራችን ብቻ አልሳቁም። ጋሼ ሲያስቡ ስኒያቸውን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ይገፋሉ። ገፉ፣ መለሱ፣ ገፉ። ከዚያ «ለምን ሄደን አናይም?» አሉ። «ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት ነው። ወይኑን ከነግንዱ አይተን፣ ከነሠሪዎቹ ጠይቀን፣ ቀምሰን እንመጣለን።»

ይኼው ነው። ሁሩታ ወይን ልትቀምስ የተነሳችው በዚህች ቃል ነው።

እንሂድ ማለት ቀላል ነው፤ የት? የባንክ ቤቱ ልጅ ቸኩሎ «ጉደር!» አለ። አይፈረድበትም። ቀይ ወይን ሲባል ብዙ ሰው አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣለት ይኼው ስም ነው። ጋሼ ግን ካርታ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «ጉደር ያለችው ከአምቦ ማዶ ነው። አዳማን አልፈህ፣ አዲስ አበባን አቋርጠህ፣ ምዕራብ ሸዋ ገብተህ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ከሆነ የምትቀምሰው ወይን ሳይሆን አቧራ ነው» አሉት።

ቀጥለው ሐጂ ተናገሩ። ሐጂ ስንዴ አራሽ ናቸው፤ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ታዲያ ለዚህ ጉዞ ከሁላችንም በላይ የጓጉት እሳቸው ሆነው አረፉት! «ወይን ፍለጋ ከአርሲ ምን አስወጣችሁ?» አሉ። «መርቲ የለም እንዴ? እዚያ አዋሽ ዳር፣ የቲማቲም ድልሁ የሚመጣበት አገር። የወይን እርሻ እንዳለበት አታውቁም?»

እውነታቸውን ነው። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የወይን እርሻ መርቲ ጀጁ ነው። ፋብሪካው ራሱ ጣሊያን ከአገር በወጣ ማግሥት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1943 የተቋቋመ አንጋፋ ነው። ጉደርን፣ አክሱማይትን፣ አዋሽ ክሪስታልን ያመጣልን እሱ ነው። በመንግሥት እጅ ሲሠራ ኖሮ በ2005 ዓ.ም. ለግል ተሸጠ። ከገዢዎቹ አንዱ ባለሀብቱ ሙሉጌታ ተስፋኪሮስ ናቸው፤ ሌላው 8 ማይልስ የተባለ ፈንድ ነው። ፈንዱን ካቋቋሙት ሰዎች መሀል ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ቦብ ጌልዶፍ! በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ዘፋኞች ሰብስቦ ገንዘብ ያሰባሰበልን አየርላንዳዊ። በረሃባችን የተዋወቀን ሰው በወይናችን ተመልሶ መጣ። ይኼን ጋሼ ሲነግሩን እትዬ «እንዲህ ነው እንጂ ወዳጅ፤ ለቅሶ ደርሶ ለሠርግ የሚመለስ» አሉ። እኔ እንኳ ነገሩ ንግድ ነው ልል ነበር፤ ተውኩት።

«ግን ሐጂ» አሉ ጋሼ፣ «መርቲ ብንሄድ የምናየው ተክሉን ነው። የመጥመቂያው ሥራ አዲስ አበባ ነው ሲሠራ የኖረው። ዘለላውን አንድ አገር፣ ብርጭቆውን ሌላ አገር ማሳደድ ለአንድ ቀን አይሆንም። ዝዋይ ግን ሁለቱም አንድ አጥር ውስጥ ነው።»

ዝዋይ ተቆረጠ።

አሁን ስለ ዝዋይ ጥቂት ላውራ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉብኝ። ባቱ በሏት ዝዋይ፣ ያቺው ከተማ ናት። ጭላሎ ተራራ ወገብ ላይ ወጥቶ ሰማዩ ጠራ ካለለት ሰው ሐይቋ ወለል ብላ ትታየዋለች፤ እኛ አርሲዎች ከሰገነት ላይ ሆነን የምናያት ጎረቤት ናት። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እዚያ መሬት ወስዶ የወይን ችግኝ ተከለ። ካስቴልን ታውቁታላችሁ፤ ጊዮርጊስ ቢራን የገዛው የቢጂአይ ባለቤት ነው። ወደ ወይን እንዲገባ የገፋፉት መለስ ዜናዊ ናቸው ተብሎ በጊዜው ተጽፏል። እርሻው ሲጀመር 120 ሄክታር ገደማ ነበር። ዘሩ ከፈረንሳይ ነው፤ ከቀዩ መርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሲራ፤ ከነጩ ሻርዶኔ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2006 ዓ.ም. ገበያ ወጡ። ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉት ናቸው።

ደግሞ ልብ አድርጉ፣ በእርሻው ዙሪያ ሁለት ሜትር የሚሰፋ ቦይ ተቆፍሯል። ለምን? ለሌባ እንዳይመስላችሁ። ጉማሬው ከሐይቁ ወጥቶ እንዳይገባ፣ ጅቡ እንዳይገባ፣ ዘንዶው እንዳይገባ ነው! ፈረንሳይ ያለ ወይን ተካይ ጉማሬ ወይኔን በላብኝ ብሎ ሲከስ አስቡት።

ሐጂ ይኼን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙና አንድ ጥያቄ አነሱ። የዕለቱ ምርጥ ጥያቄ ያ ነበር። «ወይን የብርድ አገር ተክል ነው ሲባል እሰማለሁ። ዝዋይ ደግሞ ትሞቃለች። እንዴት ሆነ?»

ጋሼ ዓይናቸው በራ፤ ክፍል ውስጥ የገቡ መሰላቸው። «ፈረንጅ አገር ወይኑ ብርዱን ጠብቆ ይተኛል። ቅጠሉን ያራግፋል፣ ሙቀት ሲመጣ ይነቃል። እኛ ጋ የሚያስተኛው ብርድ የለም። ስለዚህ የሚያስተኛው ገበሬው ነው። ውሃውን ይቀንስበታል፣ ቅርንጫፉን ይገርዘዋል። የተገረዘ ዕለት ለተክሉ ዓመቱ እንደገና ይጀምራል። መከሩ መቼ እንደሚሆን የሚወስነው እንግዲህ መቀሱ ነው።»

«ዝናቡ ካለፈ በኋላ እንዲደርስ አድርገው ይገርዙታላ!» አሉ ሐጂ።

«እንዲያ ነው። በስሎ ዝናብ ካገኘው ሻጋታ ይበላዋል፣ ስኳሩም ይቀጥናል።»

«እኛን ዋግ እንደሚበላን በለኛ» አሉ ሐጂ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ። ዋግ ስንዴያቸውን የበላባቸው ሰው ብቻ እንደሚነቀንቀው።

ጋሼ ጨመሩ። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ያልፋል፤ ቀኑ ቢሞቅ ሌሊቱ ይበርዳል። ቀኑ ስኳሩን ያመጣል፣ ሌሊቱ ኮምጣጣነቱን ይጠብቃል፤ ኮምጣጣነት የሌለው ወይን ደግሞ አፍ ውስጥ ይተኛል። አሸዋማው አፈር ውሃ አያቁርም፤ ሥሩ አይታፈንም። በዚህ ነገር ዝዋይ ብቻዋን አይደለችም። ይኸው ስምጥ ሸለቆ ኬንያ ሲደርስ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ወይን ተተክሏል። ታንዛኒያ ውስጥ ዶዶማ በዓመት ሁለቴ የሚለቅሙት ወይን አለ። እኛ ነን የወይን አገር ማለት ጣሊያንና ፈረንሳይ ብቻ የሚመስለን።

«እኔ እሄዳለሁ» አሉ ሐጂ። «እናንተ ቅመሱ፤ እኔ መቀሱን አያለሁ። ዘለላ ካለም እበላለሁ፤ ፍሬው ሐላል ነው።»

ታዲያ እንዲህ ተባብለን ልንለያይ ስንል የባንክ ቤቱ ልጅ አንድ ነገር አለ። «ሄደን እንዳናፍር። እንዴት እንደሚቀመስ ሳናውቅ?» ልምምድ ይደረግ ተባለ። ይዞን የሚሄደው የሚኒባስ ሾፌር ወደ አዳማ ሲመላለስ ጠርሙስ ገዝቶ እንዲመጣ ተላከ። ሻርዶኔ፣ መርሎ፣ ጉደር፣ አክሱማይት። ቦታው እትዬ ቤት። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ብርጭቆ ጠፋ። እግር ያለው፣ ሆዱ ሰፍቶ አፉ የሚጠበው የወይን ብርጭቆ እትዬ ቤት ከየት ይመጣል? የሻይ ብርጭቆ ቀረበ፤ ጋሼ አልወደዱትም። አፉ ሰፊ ስለሆነ ሽታው ይበተናል አሉ። እትዬ ዝም ብለው ጓዳ ገቡና ብርሌዎቻቸውን ይዘው ወጡ። «ይኼስ?» ጋሼ ብርሌውን አገላብጠው አዩት። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ። የሚፈልጉት ቅርጽ እሱው ነበር! አንድ ሦስተኛ ብቻ ተቀዳበት፤ ዞር ዞር ሲደረግ ሽታው አንገቱ ላይ ተሰብስቦ ይመጣል። እኔ እስከዛሬ ብርሌ አንገቱ የጠበበው ንብ እንዳይገባበት ነው ስል ነበር፤ ሳቁብኝ።

ቅደም ተከተሉን ጋሼ ነገሩን። ነጩ ይቀድማል፣ ስኳር የሌለው ቀይ ይከተላል፣ ጣፋጩ መጨረሻ ነው። ጣፋጩ ከቀደመ ሌላው ሁሉ ኮምጣጤ ይሆናል። መሀል መሀል ላይ ዳቦና ውሃ። አስቀድሞ ማየት፣ ቀጥሎ ማሽተት፣ ከዚያ ጉንጭን ሞልቶ ሳይሆን ምላስን አርሶ መያዝ፣ አየር መሳብ። ከዚያስ? «ከዚያ መትፋት» አሉ ጋሼ፣ ባልዲውን እያቀረቡ።

ኧረ ጉድ ነው! እትዬ ተነሡ። «በቤቴ? እኔ ያቀረብኩትን?» አሉ። ሰው ቤት የቀረበን ነገር አፍ ውስጥ አስገብቶ መትፋት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጋሼ አስረዱ፤ ብዙ ዓይነት የሚቀምስ ሰው ሁሉን ከዋጠ አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀይና ነጭ አይለይም። እትዬ አልተረቱም። በመጨረሻ ስምምነት ተደረሰ፤ መትፋት የለም፣ ግን በትንሽ በትንሹ ፉት፣ የተረፈው ባልዲ ውስጥ ይደፋ። መድፋቱም እትዬን አላስደሰታቸውም፤ ቢሆንም ታገሡ። ዝዋይም ቢሆን በዚሁ ሕግ ነው የምንሄደው።

ሻርዶኔው ላይ የባንክ ቤቱ ልጅ «ቢራ ይሻላል» አለ። መርሎው ላይ እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይኼ ምላስ ይይዛል፤ ያደርቃል። ጌሾ የበዛበት ጠጅ እንዲህ ያደርገኛል» አሉ። ጋሼ በደስታ ሊዘሉ ደረሱ። የሚይዘው ታኒን ይባላል፤ ከወይኑ ቆዳና ከፍሬው ዘር ነው የሚመጣው። የቀይ ወይንም የነጭ ወይንም ጭማቂው አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ነው። ቀዩ ከቆዳው ጋር አብሮ ሲብላላ ቀለሙንም ይይዛል፣ ያንን የሚያደርቀውንም ይይዛል። ነጩን ግን አስቀድመው ጨምቀው ቆዳውን ስለሚለዩት ለስለስ ይላል። «እትዬ እኮ ያለ ትምህርት ቤት አወቁት!» አሉ ጋሼ። እትዬ መለሱላቸው። «ትምህርት ቤት ጠጅ ይጣላል እንዴ?»

ከዚያ ጥብስ ቀረበ፤ ከነአዋዜው። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የጣመው። መርሎውን ከአዋዜው ላይ የደገመ ሰው ሁሉ እፍ እፍ አለ። በርበሬና ታኒን ሲገናኙ አፍ ያቃጥላሉ፤ የአልኮሉም ሙቀት ይጨመርበታል። አክሱማይቱ ተቀዳ፤ ጣፋጩ። እሳቱ በረደ! ሰው ሁሉ ብርሌውን ዘረጋ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ያሉ አንዳንድ አዋቂ ነን ባዮች የአገራችንን ጣፋጭ ወይን ሲያናንቁት እሰማለሁ። ወይን ጠጪ ስኳር የሌለውን ነው የሚመርጠው ይላሉ። እነሱ ወይኑን በአይብና በዳቦ የሚጠጡ ናቸው። በርበሬ በሚበላ አገር ጣፋጭ ወይን ቦታ አለው፤ ምላሳችን ያውቃል። በተረፈ ዝዋይ ስንሄድ ማንም እንዲህ ቅመሱ ብሎ የፈጠረልንን ቃል አንደግምም። ‹የጥቁር እንጆሪ ሽታ አለው› ቢሉን እንጆሪ በልቶ የማያውቅ ሰው ምን ይላል? እትዬ መርሎውን አሽትተው «የደረቀ በለስና ዝናብ የነካው አፈር» አሉ። ከዚያ የበለጠ ማን ይናገራል?

የሰፈራችን ዲያቆንም መጥቶ ነበር፤ ሊቀምስ አይደለም፣ ሊያይ። እሱ ደግሞ ሌላ በር ከፈተልን። ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን ከዘቢብ ነው የሚዘጋጀው አለ። ጋሼ ከታሪክ ጨመሩለት። በ1520 በፈረንጅ አቆጣጠር የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የቅዳሴው ወይን ዘቢብ በውሃ ዘፍዝፈው ከዚያ ጨምቀው የሚያዘጋጁት መሆኑን ጽፏል። አምስት መቶ ዓመት! ዲያቆኑ «እኛማ መች ተለወጥን» ብሎ ፈገግ አለ።

ሾፌሩ ግን አዘነ። እሱ መቅመስ አይችልማ። ልምምዱ ላይ እንኳ የሚነዳ ባይሆንም ጋሼ ከለከሉት፤ ይልመድ አሉ። ብርሌዎቹን አንድ በአንድ ሲያሸት አመሸ። መብራት ጠፍቶ (ሁሩታ ነው እንግዲህ፣ ይጠፋል) በጨለማ ማን የትኛው እንደሆነ ይለይ ሲባል፣ አራቱንም በሽታ ብቻ የለየው እሱ ነው። የጠጣነው አልለየንም!

አሁን ወደ ዕቅዱ ልመለስ። ቀኑ ሲቆረጥ ብዙ ክርክር ሆነ። ኅዳርና ታኅሣሥ የስንዴ ነው፤ ያኔ አርሲ ውስጥ ሽርሽር የሚል ሰው እብድ ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ደግሞ ጾመ ነቢያት ነው፤ ምሳ ያጣላናል። ክረምት አይሞከርም። ከጥምቀት በኋላ፣ ዓቢይ ጾምና ረመዳን ሳይገቡ፣ ቅዳሜ ቀን። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ እሑድ ሠራተኛው ያርፋል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከሁሩታ ወደ ዴራ፣ ከዴራ በአዋሽ መልካሳ አድርጎ አዳማ። መልካሳ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከሉ አለ፤ ሐጂ እንቁም ይላሉ፣ አይቆምም። ከአዳማ ሞጆ። ከሞጆ በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ቆቃን፣ ዓለም ጤናን፣ መቂን አልፎ ዝዋይ፤ ከሞጆ እስከዚያ 93 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልሱ ሲደመር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐይቋን ከጋራው ላይ የሚያያት ሰው ይኼን ያህል መዞሩ ያናድዳል፤ ግን በሚኒባስ ሐይቅ አይሻገሩም። ስለዚህ ከንጋቱ በፊት መነሣት፣ ቁርስ አዳማ፣ ረፋዱን እርሻው ላይ፣ ምሳ ሐይቁ ዳር፣ አሥር ሰዓት ሳይሆን ጉዞ። ማታ መንዳት የለም። ከመነሣትም በፊት የመንገዱን ወሬ ከሹፌሮች መጠየቅ ነው፤ በዚህ ዘመን ይኼን የማይጠይቅ ሰው ዕቅድ አለኝ አይበል።

ከሁሉ በላይ ግን ቀጠሮ። እርሻውና ፋብሪካው የሥራ ቦታ ናቸው፤ እንደ ሶደሬ ቲኬት ቆርጠው የሚገቡበት አይደለም። አስቀድሞ ይደወላል፤ ስንት ሰው እንደሆንን፣ መቅመስ እንደምንፈልግ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ይጠየቃል። ጋሼ አንድ ጥያቄ አስጨመሩ፤ በዚያ ሳምንት ተክሉ ምን ላይ ነው? ተገርዟል፣ አብቧል ወይስ ዘለላ ይዟል? ባዶ ግንድ ለማየት 300 ኪሎ ሜትር መሄድም ያለ ነው፤ አውቆ ከሆነ ግን ቅር አይልም።

የመሰናዶ ተማሪዎች አብረን እንሂድ ብለው መጥተው ነበር። ጋሼ የራሳቸውን ተማሪዎች ልጆች አባረሩ! አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ልጆቹ አኮረፉ፤ ሌላ ጊዜ እርሻውን ብቻ ሊያዩ ይወሰዳሉ ተባለ።

ምሳው ዓሣ ነው፤ በዚህ አልተጨቃጨቅንም። ዝዋይ ሄዶ ሌላ የሚበላ ሰው የለም። ቆሮሶው ጥብስ፣ ጎረድ ጎረዱ፣ ሾርባው። ጋሼ ሻርዶኔውን ከዓሣው ጋር ልንሞክረው ነው ይላሉ፤ እትዬ ሎሚና ሚጥሚጣ ይዘው ይሄዳሉ። እዚያ የሐይቁ ዳር ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ቆሞ የዓሣ አንጀት ይጠብቃል፤ ምሳውን የሚሻማችሁ እሱ ነው። ኮፍያ፣ ውሃ፣ ዳቦ፣ ባልዲው። ሽቶ ግን ክልክል ነው፤ አንድ ሰው ሽቶ ተቀብቶ ሚኒባስ ውስጥ ከገባ የሁሉም አፍንጫ አለቀለት።

አንድ ነገር ልጠይቅና ልጨርስ። አዳማ ላይ ያላችሁ የጉብኝት ሥራ የምትሠሩ ሰዎች፣ እናንተን ነው። እንግዳ ሲመጣ ሶደሬ ፍል ውሃ ትወስዱታላችሁ፣ ቆቃ ትወስዱታላችሁ፤ ጥሩ ነው። ከእናንተ በጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደረስበት የወይን አገር እንዳለ ግን ስንቱ ያውቃል? በወር አንድ ቅዳሜ የታወቀ ቀን ከእርሻው ጋር ተነጋግራችሁ ብታቆሙ፣ መኪናውም ሾፌሩም የታወቀ ቢሆን፣ እኛ ሁሩታዎች ሾፌሩን ጠርሙስ ፍለጋ፣ ጋሼን ስልክ ፍለጋ ባላንከራተትን ነበር። እርሻዎቹም በበኩላችሁ፣ ለአገሬው ሰው በር ክፈቱ። ስንዴ አራሹ መጥቶ መቀሱን ይይ፤ ጠጅ ጣዩዋ መጥታ ትፍረድባችሁ። ከውጭ የሚመጣ ሸላሚ ብቻ አይደለም ወይን የሚያውቀው።

የእኛ ሚኒባስ ላይ ሁለት ወንበር ቀርቷል። ከሾፌሩ ጋር የሚፈራረቅ፣ የማይጠጣ ሁለተኛ ነጂ ከመጣ ከክፍያው ነጻ ነው። መምጣት የምትፈልጉ ለእትዬ ንገሩ፤ ሽቶ ተቀብታችሁ ግን አትምጡብን።